የዘረመል ጥናት የፈቃድ ቅጽ በአማርኛ ስትጽፉ

ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብዙ በማይርቅ ኮፒ ቤት 14 ዓመት ስተይብ ቆይቻለሁ። መመረቂያ ጽሑፍ፣ መጠይቅ፣ የፈቃድ ቅጽ (ሰው በጥናት ለመሳተፍ ተስማምቶ የሚፈርምበት ወረቀት)፣ ሁሉም በእጄ ያልፋል። ተማሪዎቹ እንግሊዝኛውን ያመጡና «እትዬ፣ ይቺን ወደ አማርኛ ይመልሱልኝ፤ ከሰዓት ለሥነ ምግባር ኮሚቴ አስገባለሁ» ይሉኛል። የፈቃድ ቅጽ ግን በጥድፊያ አይመለስም። የዘረመል ሲሆን ደግሞ ጭራሽ። እኔ እንዴት እንደምሠራው ልንገራችሁ።

መጀመሪያ «ዘር» የሚለውን ቃል ፈልጋችሁ አውጡት። አንድ ልጅ «የዘር ጥናት» ብሎ ራሱ የጻፈውን ቅጽ አትሞ ወሰደ። በማግስቱ ተመለሰ። አንድ አባት «ዘሬን ለምን ፈለግኸው?» ብለው ወረቀቱን መልሰውለታል። ሰውየው ያነበቡት የተጻፈውን ነው። በአገራችን ዘር መጠየቅ ምን እንደሚያስፈራ ሁላችንም እናውቃለን። «ዘረመል» ጥሩ ቃል ነው፤ ለማያውቀው ሰው ግን ብቻውን ምንም አይነግረውም። ስለዚህ እንዲህ እጽፋለሁ፦ «ልጅ መልኩንና ቁመቱን ከእናት ከአባቱ ይወስዳል። ለአንዳንድ በሽታ ቶሎ መጋለጥም እንዲሁ ከወላጅ ሊመጣ ይችላል። ይህን ከደምዎ ማየት እንፈልጋለን።»

«ይወረሳል» ስትሉም ተጠንቀቁ። እዚህ ላይ የዶክተር ፋሲል ተኮላና የባልደረቦቹ ሥራ ብዙ አስተምሮኛል። ያጠኑት ፖዶኮኒዮሲስን ነው፤ ብዙ ሰው ዝሆኔ የሚለውን የእግር እብጠት። በሽታው የሚመጣው በእሳተ ገሞራ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ ነው። ግን በዚያ አፈር ላይ የሄደውን ሁሉ አይዝም። እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተሙት ጥናት ተጋላጭነቱ ከዘረመል ጋር እንደሚያያዝ አሳየ። ከዚያ በፊት፣ በ2009፣ ስለ ፈቃድ አጠያየቁ ራሱ ጽፈዋል። ቤተሰቦቹን ያስጨነቃቸው መገለሉ ነበር። በሽታው በቤተሰብ የሚሄድ ነው ተብሎ ከተወራ መገለሉ ይብሳል ብለው ሰግተዋል። ጋብቻ ሲታሰብ ዘመድ አዝማድ ተጠይቆ በሚጣራበት አገር ይህ ቀላል ስጋት አይደለም።

ስለዚህ ሦስት ነገር አንድ ላይ ጻፉ፦ «አፈሩ እግርን ይጎዳል። ቶሎ የመጎዳቱ ነገር ከወላጅ ሊመጣ ይችላል። ጫማ ማድረግና እግርን መታጠብ ይከላከላል።» ሦስተኛውን ከቆረጣችሁት ሰውየው ወደ ቤቱ ይዞ የሚሄደው እርግማን ነው።

የደሙን መጠን በሚሊ ሊትር ብቻ አትተዉት። 5 ሚሊ ሊትር አንድ የሻይ ማንኪያ ነው፤ እንደዚያው በሉት። ደሜን ይሸጡታል የሚል ፍርሃት አለ፤ ደሙ የት እንደሚቀመጥና ወደ ውጭ አገር ይላክ እንደሆነ በግልጽ ጻፉ።

«ናሙናው ለወደፊት ጥናት ሊውል ይችላል» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር በዝምታ አታሳልፏት። በአሜሪካ አሪዞና ሃቫሱፓይ የተባለው ነባር ሕዝብ ለስኳር በሽታ ጥናት ብሎ ደም ሰጠ። ያው ደም ስኪዞፍሬንያ ለሚባለው የአእምሮ ሕመምና ለትውልድ አመጣጥ ጥናት ዋለ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በ2010 ደሙን የወሰደው ዩኒቨርሲቲ 700,000 ዶላር ከፍሎ ናሙናውን መለሰ። እናንተ ቅጹ ላይ ለዛሬው ጥናት አንድ ምልክት ማድረጊያ ሳጥን፣ ለወደፊቱ ሌላ ሳጥን አድርጉ። ሰው አንዱን እሺ፣ ሌላውን እምቢ ይበል።

«መረጃው የእርስዎ ብቻ ነው» አትበሉ። ዘረመል ስለ እህት ወንድምም ይናገራል። እኔ «ቤት ሄደው ተማክረው መምጣት ይችላሉ» የሚል እጨምራለሁ። ተማሪዎቹ ሰው ይቀርብናል ብለው ቅር ይላቸዋል። እኔ ግን በዚህ አልደራደርም።

ምክንያቱም እናቴ ናት። ለደም ግፊት ክትትል በሄደችበት ቦታ ወረቀት ሰጧት። መነጽሯን አልያዘችም። እስክሪብቶውን ይዛ ትንሽ ቆየች፤ ከዚያ ፈረመች፤ ደሟንም ወሰዱ። «ሐኪሙ ቆሞ እየጠበቀ እንዴት እምቢ ልበለው?» አለችኝ። ያ ደም ለምን እንደተወሰደ እስከ ዛሬ አናውቅም። ይሉኝታ ፈቃድ አይደለም። «እምቢ ቢሉ ሕክምናዎ አይቋረጥም፤ ማንም አይቀየምዎትም» የሚለውን ከገጹ ግርጌ አንሡና ከላይ፣ ሰላምታው ሥር አድርጉት።

ሲያልቅ ጮክ ብላችሁ ለሰው አንብቡ። «ገባዎት?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱ ሁሌም «አዎ» ነው። «ማታ ለቤተሰብ ምን ብለው ይነግሯቸዋል?» በሉ። እኔ የማነበው በራችን ላይ ጀበና ቡና ለምትሸጠው ልጅ ነው። ባለፈው ሲኒ እያጠበች እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «እሺ፣ ከሳምንት በኋላ ደሜን መልሱልኝ ብልስ?» አለች። ቅጹ ላይ አልነበረም። ተማሪውን ደውዬ ጠራሁት፤ መምህሩን ጠይቆ መጣና አብረን ጨመርነው፦ «ሐሳብዎን ከቀየሩ በዚህ ስልክ ይደውሉ፤ ናሙናውን እናስወግዳለን። ውጤቱ ከታተመ በኋላ ግን ከታተመው ማውጣት አንችልም።»