የቅኝ ግዛት ዘመን የአሜሪካ ባልጩት ሽጉጥ እንዴት ይሰበሰባል?

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ነገር እንግባባ። ከ1776 በፊት (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የተሠራ ሽጉጥ ብርቅ ነው። ሰፋሪው የታጠቀው በአብዛኛው ከእንግሊዝ የመጣውን ነበር። የአገሬው አንጥረኛም ብዙ ጊዜ ብረታ ብረቱን ከውጭ አስመጥቶ ሰደፉን ነው የሚሠራለት። ስለዚህ ሻጭ "ንጹህ አሜሪካዊ ነው" ሲላችሁ ጆሯችሁን ቀጥ አድርጉ።

መጀመሪያ አሠራሩን እወቁ። ቃታው ሲሳብ ባልጩት የነከሰው መዶሻ ወደፊት ይፈናጠርና የብረት ክዳን ይመታል። ክዳኑ ይከፈታል፣ ፍንጣሪው ከሥሩ ባለችው ትንሽ ሳህን ላይ ያለውን ባሩድ ያቀጣጥላል። እሳቱ በጎን ቀዳዳ ገብቶ ቱቦው ውስጥ ያለውን ዋናውን ባሩድ ይለኩሳል። ይህን እሳት የሚጭር የጎን ክፍል መጫሪያ እንበለው። ማጭበርበር የሚበዛው እዚህ ላይ ነው።

ቀጥሎ ምን እንደምትሰበስቡ ወስኑ። የእንግሊዝ ፈረሰኛ ጦር ሽጉጥ ለጀማሪ ይሻላል፤ መጫሪያው ላይ ዘውድና "ጂ አር" የሚሉ የንጉሡ ፊደላት ይታያሉ። "ኬንታኪ" የሚባለው፣ ሰደፉ ከሜፕል እንጨት የሆነው ውብ ሽጉጥ፣ ስሙ ያሳስታል እንጂ በዋናነት የፔንሲልቬንያ አንጥረኞች ሥራ ነው። አብዛኛውም ከነጻነት ጦርነቱ ወዲህ የተሠራ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ቨርጂኒያ፣ ፋልማውዝ ውስጥ የጄምስ ሃንተር የብረት ሥራ ድርጅት ራፓሃኖክ ፎርጅ የሠራው ግን እጅግ ብርቅ ነው። እዚያው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ የምትኖሩ ወገኖች ቦታው በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ሽጉጡን ማግኘት ግን ሌላ ጉዳይ።

ሕጉንም እዩ። በ1968ቱ የፌዴራል ሕግ በ1898 ወይም ከዚያ በፊት የተሠራ መሣሪያ እንደ ጥንታዊ ዕቃ ይቆጠራል። ክልሎችና ከተሞች ግን የየራሳቸው ደንብ አላቸው።

ሽጉጡ እጃችሁ ሲገባ መጀመሪያ ጎርሶ እንደሆነ አረጋግጡ። ቀልድ አይደለም፤ ከ200 ዓመት በኋላም ባሩድና ጥይት ውስጡ ይገኛል። አፈሙዙን ከሰው አዙራችሁ ቀጭን የእንጨት ዘንግ እስኪቆም አስገቡና በአፈሙዙ አፍ ትክክል ዘንጉ ላይ ምልክት አድርጉ። አውጥታችሁ በውጭ በኩል ለኩት። የዘንጉ ጫፍ ከጎን ቀዳዳው ራቅ ብሎ ከቀረ ውስጡ የሆነ ነገር አለ። ራሳችሁ ለማውጣት አትሞክሩ፣ ለባለሙያ ስጡት።

አሁን ማህተሙን በማጉያ መነጽር አንብቡ። የመሣሪያ ቱቦ ጥንካሬ የሚፈተንበት የእንግሊዙ የበርሚንግሃም መፈተሻ ቤት የተቋቋመው በ1813 ነው። የእሱ "ቢ ፒ ሲ" ምልክት ያረፈበት ቱቦ የቅኝ ግዛት ዘመን ሊሆን አይችልም። ይቺ አንዲት እውቀት ብዙ ዶላር ታድናለች። ከ1820ዎቹ ወዲህ ደግሞ ብዙ ባልጩት ሽጉጦች ወደ ካፕሱል (መዶሻው ሲመታው እሳት የሚሰጥ ትንሽ ቆብ) ተቀይረዋል። በኋላ ነጋዴ መልሶ ባልጩት ያደርጋቸዋል። መጫሪያው ላይ የተደፈኑ ቀዳዳዎች፣ ከጎረቤቱ ብረት አዲስ የሚመስል ሳህን ካያችሁ ጠርጥሩ። እንደዚያ ያለው ዋጋው ካልተነካው ያንሳል። በእኔ አስተያየት ሻጩ በግልጽ ከነገራችሁና ዋጋውን ከቀነሰ ለመማሪያ አይከፋም።

ታሪኩን ግን በወረቀት ጠይቁ። ፈረንሳዊው መኮንን ላፋየት ለጆርጅ ዋሽንግተን የሰጣቸው ጥንድ ሽጉጦች በ2002 ጨረታ ወደ 2 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠዋል፤ አሁን ፔንሲልቬንያ፣ ፎርት ሊጎኒየር ሙዚየም ይገኛሉ። የተሠሩት ፈረንሳይ ነው። ዋጋውን የሰቀለው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፉ የተከተላቸው ማስረጃ ነው። "የአያቴ አያት ነበር" የሚል ወሬ ያለ ሰነድ ወሬ ነው።

ከገዛችሁ በኋላ ፈግፍጋችሁ አታጽዱት! ያ ቡናማ ቀለም የዕድሜው ምስክር ነው፤ በሽቦ የፈገፈገው ሰው የሽጉጡን ዋጋ በገዛ እጁ ይቀንሳል። በጥጥ ጓንት ያዙት፣ ሙዚየሞች የሚቀቡትን ሬኔሳንስ ዋክስ የተባለ ሰም በስሱ ቀቡት። ቃታውን እየሳባችሁ አትጫወቱ፣ ያረጀ ብረት ይሰበራል። በቆዳ ማህደርም አታስቀምጡት፤ ያምራል፣ ግን ቆዳ እርጥበት ይዞ ብረቱን ያዝገዋል።