የላፕቶፕ ኪቦርድ ወይም ታችፓድ በዋስትና ጊዜ ሲበላሽ

ለዋስትና ጥገና የተላከ ላፕቶፕ ምንም ሳይነካ የሚመለስበት የተለመደ መንገድ አለ። ቴክኒሻኑ ያበራዋል፣ ሁለት ሦስት መስመር ይጽፍበታል፣ ይሠራለታል፤ ወረቀቱ ላይ "ችግር አልተገኘም" ብሎ ይዘጋዋል። የኪቦርድና የታችፓድ (ቀስቱን በጣት የሚያንቀሳቅሱበት ጠፍጣፋ ቦታ) ብልሽት መጣ ሄድ ማለት ስለሚወድ ይህ በቀላሉ ይደርሳል። ስለዚህ ስልክ ከመደወልዎ በፊት ብልሽቱን በፈለጉት ሰዓት ማሳየት የሚችሉበትን መንገድ ያግኙ። እሱ ከተገኘ የቀረው ሥራ ይቀልላል።

ሶፍትዌሩ ከደሙ ንጹሕ ነው?

መጀመሪያ ብልሽት የሚመስሉትን ቅንብሮች ያጣሩ። ዊንዶውስ ላይ የቀኙን ሺፍት 8 ሰከንድ ያህል ተጭኖ መቆየት "ፊልተር ኪስ" የሚባለውን ያስነሳል፤ ከዚያ በኋላ ቁልፎቹ ፈጠን ብለው ሲነኳቸው ዝም ይላሉ፣ ሲቆዩባቸው ብቻ ይጽፋሉ። ለብቻው የቁጥር ክፍል በሌላቸው አንዳንድ ላፕቶፖች ነም ሎክ ሲበራ ዩ፣ አይ እና ኦ 4፣ 5 እና 6 ይጽፋሉ። ታችፓዱ ጨርሶ ዝም ካለ ከላይኛው ረድፍ ላይ የታችፓድ ምስል ያለበትን ቁልፍ ከኤፍኤን (Fn) ቁልፍ ጋር ይሞክሩ። የገመድ አልባ ማውስ መቀበያ ዩኤስቢው ላይ ተረስቶ እንደሆነም ይዩ፤ "ማውስ ሲሰካ ታችፓዱ ይጥፋ" የሚለው ቅንብር ተመርጦ ከሆነ ማውሱ ራሱ ቦርሳ ውስጥ ቢሆንም ታችፓዱ አይሠራም።

በአማርኛ የሚጽፉ ከሆነ ሙከራውን ሁሉ ወደ እንግሊዝኛ ቀይረው ያድርጉ። የአማርኛውን ድምፅ በእንግሊዝኛ ቁልፎች በሚያስጽፉት ገበታዎች አንድ ፊደል ከሁለት ቁልፍ ስለሚወጣ የአንዱ ቁልፍ ብልሽት ሌላ መልክ ይይዛል። የኢ ቁልፍ አልፎ አልፎ ካልያዘ "ሰላም" የሚለው "ስላም" ይሆናል፤ ሰው የአጻጻፍ ፕሮግራሙን ደጋግሞ ሲጭን ይከርማል፣ ጥፋቱ ግን ከቁልፉ ነው።

ዋናው ማስረጃ የሚገኘው ከዊንዶውስ ውጭ ነው። ላፕቶፑን ሙሉ በሙሉ ያጥፉና ሲያበሩት ወደ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚሠራው የማሽኑ መሠረታዊ ፕሮግራም) ይግቡ፤ በአብዛኞቹ የዴል፣ የኤሰርና የአሱስ ሞዴሎች በኤፍ2፣ በኤችፒ በኤፍ10፣ በሌኖቮ ቲንክፓድ በኤፍ1 ነው። እዚያ ውስጥ ዊንዶውስም የዊንዶውስ ድራይቨርም (ዕቃውን የሚያሠራው ፕሮግራም) ስለሌለ፣ ቁልፉ እዚያም ካልሠራ ጥፋቱ የዕቃው መሆኑ ግልጽ ነው። ኤችፒ ላይ ኤስኬፕ ከዚያ ኤፍ2፣ ዴል ላይ ኤፍ12 ተጭነው ምርመራውን ሲመርጡ የአምራቹ የራሱ መመርመሪያ ይከፈታል። ስህተት ካገኘ የሚያወጣውን ኮድ ፎቶ ያንሱ፤ ከዋስትና ክፍሉ ጋር ለመነጋገር ከዚያ የተሻለ ነገር የለም። መግቢያው ቁልፍ ራሱ ከተበላሸ የዩኤስቢ ኪቦርድ ይሰኩ። ፊደል ለመሞከር ብለው ግን ባዮሱ ውስጥ ያለውን የይለፍ ቃል ሳጥን አይጠቀሙ። በተበላሸ ቁልፍ የተጻፈ የይለፍ ቃል በስህተት ከተቀመጠ ማሽኑ ይቆለፋል፤ ያን ማስከፈት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

ሁለተኛው መንገድ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ የሚባለውን ሥርዓተ ክወና ከፍላሽ ማስነሳት ነው። ሳይጭኑት፣ የራስዎን ፋይል ሳይነኩ ይሠራል። ብልሽቱ እዚያም ከታየ "ፎርማት አድርገው ይሞክሩ" ለሚል የስልክ ላይ ምክር በቂ መልስ ይዘዋል።

ታችፓዱ ቻርጀር ሲሰካ ብቻ የሚዘል፣ ቀስቱ ራሱ የሚሮጥ ከሆነ መጀመሪያ ቻርጀሩን ይንቀሉ። ታችፓድ የጣትን መኖር የሚያውቀው በጣም ትንሽ የኤሌክትሪክ ለውጥ በመለካት ነው፤ ጥራት የሌለው አዳፕተር ወይም መሬት ያልተያያዘ ሶኬት የሚያመጣው ረብሻ ያን ልኬት ያዛባዋል። ሲነቀል ከዳነ በሌላ ትክክለኛ ቻርጀርና በሌላ ሶኬት ይሞክሩት። የሚቀየረው ቻርጀሩ ሊሆን ይችላል።

ላፕቶፑን አጥፍቶ፣ ቻርጀሩን ነቅሎ፣ የማብሪያውን ቁልፍ 30 ሰከንድ ያህል ተጭኖ መያዝም ይጠቅማል። የተጠራቀመውን ኤሌክትሪክ ያስወጣና የደነዘዘ ታችፓድ አንዳንዴ ይነቃል። የዋስትና ክፍሎች ይህን ማድረግዎን መጠየቃቸው ስለማይቀር ቀድመው ያድርጉት።

ባትሪው ካበጠ ሁሉንም ያቁሙ

በብዙ ላፕቶፖች ባትሪው ያለው ከታችፓዱ ሥር ነው። ታችፓዱ በአንድ ጎን ከፍ ካለ፣ ለመጫን ከከበደ፣ ሳይነካ ራሱ ጠቅ ካለ፣ ክዳኑ አልገጥም ካለ ወይም ላፕቶፑ ደልዳላ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ከተወዛወዘ ባትሪው አብጦ ሊሆን ይችላል። ያጥፉት፣ ቻርጅ አያድርጉት፣ ያበጠውን በጣት አይጫኑ፣ እንዲያውም ምንም ዓይነት ሙከራ አይቀጥሉ። የተበላሸ የሊቲየም ባትሪ በአውሮፕላን ጭነት መላክ የተከለከለ ስለሆነ በፖስታ ከማስያዝዎ በፊት ለዋስትና ክፍሉ ይንገሩ፤ የአላላኩን መንገድ እነሱ ይወስኑ። የባትሪ ዋስትና ከላፕቶፑ ዋስትና ሊያጥር እንደሚችልም ያስቡ። 3 ዓመት ዋስትና ያለው ማሽን ባትሪው 1 ዓመት ብቻ የሚሸፈንበት ውል የተለመደ ነው።

ብልሽቱን ከመልኩ ማንበብ

የኪቦርድ ቁልፎች እያንዳንዳቸው ለየብቻ የተዘረጋ ሽቦ የላቸውም። መስመሮቹ ቁመትና አግድም ሆነው ይሻገራሉ፤ አንድ ቁልፍ ሲጫን ሁለት መስመር ይገናኛል። እነዚህ መስመሮች በዓይን ከምናያቸው ረድፎች ጋር አይገጥሙም፤ ስለዚህ እዚህም እዚያም ያሉ አራት አምስት ቁልፎች በአንድ ቀን ዝም ካሉ፣ በተለያየ ቦታ መሆናቸው እንዳያሳስትዎ። የተበላሸው አንድ መስመር ወይም ኪቦርዱን ከማዘርቦርዱ (ከማሽኑ ዋና ሰሌዳ) የሚያገናኘው ጠፍጣፋ ሪቦን ኬብል ነው። አንድ ቁልፍ ብቻ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ቆሻሻ ነው፣ ወይም ከሥሩ ያለው መቀስ መሰል ፕላስቲክ ወይም ጎማው ተጎድቷል። አንዴ ሲጫን ሁለት ፊደል የሚያወጣ ቁልፍ መገናኛው ያረጀ ወይም የቆሸሸ ነው። ሳይነካ የሚጽፍ ቁልፍ ደግሞ ፈሳሽን ያስጠረጥራል።

ኪቦርዱና ታችፓዱ አብረው ከሞቱ ነገሩ ከማዘርቦርዱ ወይም ከተላቀቀ ማገናኛ ሊሆን ስለሚችል፣ ማመልከቻው ላይ "ሁለቱም በአንድ ጊዜ" ብለው ይጻፉ። ይህች አንድ ሐረግ የትኛው መለዋወጫ እንደሚታዘዝ ልትወስን ትችላለች። ቲንክፓድ ላይ ያለችው ቀይ ነጥብ ግን የራሷ ጠባይ አላት፤ ቀስቱ በራሱ ሲንሸራተት እጅዎን አንስተው ጥቂት ሰከንድ ይጠብቁ። ራሷን ስታስተካክል የምታሳየው ነው፤ ቆሞ ከቀረ እንደ ብልሽት አይቆጠርም።

ለመጣ ሄድ ብልሽት የሚሠራ ቀላል ሙከራ ይኸውና። ባዶ ጽሑፍ ገጽ ይክፈቱ፣ የተጠረጠረውን ቁልፍ በተለመደው የመጻፍ ጉልበት 50 ጊዜ ይጫኑ፣ የወጡትን ፊደላት ይቁጠሩ። 50 ካልሆነ፣ 47 ወይም 56 ከሆነ፣ በእጅዎ ላይ ቁጥር አለ። አሁን ሁኔታውን እየለዋወጡ ይድገሙ፤ ማሽኑ ገና እንደበራ፣ ግማሽ ሰዓት ሠርቶ ሲሞቅ፣ ክዳኑ በተለያየ ስፋት ሲከፈት፣ መዳፍ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ቀለል ያለ ግፊት ሲኖር። ብልሽቱ ሲሞቅ ብቻ የሚመጣ ከሆነና ይህ ካልተጻፈ፣ ቴክኒሻኑ በቀዝቃዛ ማሽን ሞክሮ ደህና ነው ይላል። ለታችፓድ የስዕል ፕሮግራም ከፍተው ከጠርዝ እስከ ጠርዝ በዝግታ መስመር ያስምሩ። መስመሩ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ከተቆረጠ ያ የሞተ ቦታ ነው፤ ስክሪኑን ፎቶ ያንሱት።

ማጽዳት ይፈቀዳል፣ ግን በልክ። አፕል ለማክቡክ የሚሰጠው መመሪያ ለሌሎችም ይሆናል፤ ላፕቶፑን ወደ 75 ዲግሪ አዘንብሎ የታመቀ አየር ከግራ ወደ ቀኝ መንፋት፣ ከዚያ ማሽኑን በጎኑ እያዞሩ መድገም። ቆርቆሮውን አይዘቅዝቁት፤ ከአየሩ ጋር ፈሳሹ ይወጣል። የቁልፍ ክዳን በጠመንጃ መፍቻ ወይም በጥፍር አይንቀሉ። መያዣዎቹ ጥቃቅን ፕላስቲክ ናቸው፤ አንዱ ከተሰበረ የነበረዎት የፋብሪካ ጉድለት "በተጠቃሚው የደረሰ ጉዳት" ተብሎ ከዋስትና ይወጣል።

ዋስትና ምን ይሸፍናል?

መደበኛ ዋስትና የሚሸፍነው የአሠራርና የዕቃ ጉድለትን ነው። የፈሰሰ ነገር፣ መውደቅ፣ መሰበር አይገቡበትም፤ ፊደላቸው የደበዘዘ ወይም ያብለጨለጩ ቁልፎችም እንደ ተራ ማርጀት ይታያሉ። ፈሳሽ ነክቶት ከሆነ ይናገሩ። በአንዳንድ ማሽኖች ውስጥ ውሃ ሲነካው ቀለሙን የሚቀይር ምልክት ስላለ መደበቅ አያዛልቅም፤ የአደጋ ሽፋን ለብቻው ገዝተው ከሆነ ደግሞ እውነቱን መናገር ነው የሚጠቅመው። አንዳንዴ አምራቹ ራሱ የዲዛይን ጉድለት አምኖ ከመደበኛው ዋስትና ውጭ ይጠግናል። አፕል በ2018 ለ"ቢራቢሮ" ኪቦርዶቹ የከፈተው የነጻ ጥገና ፕሮግራም ላፕቶፑ መጀመሪያ ከተሸጠበት ቀን ጀምሮ ለ4 ዓመት የሚያገለግል ነበር። ዋስትናዎ አልቆም ቢሆን እንዲህ ያለ ፕሮግራም ለሞዴልዎ መኖሩን ይጠይቁ።

የሲሪያል ቁጥሩን ከላፕቶፑ ሆድ ወይም ከባዮሱ ገጽ ይቅዱ፤ ዴል ላይ ሰርቪስ ታግ የሚባለው 7 ፊደልና ቁጥር ነው። በአምራቹ ገጽ ሲያስገቡት የዋስትናው ማብቂያ ቀን ይወጣል። ቀኑ ደረሰኝዎ ላይ ካለው ቀድሞ ከተገኘ አይደንግጡ፤ ቆጠራው ከፋብሪካ ከወጣበት ቀን ተጀምሮ ሊሆን ይችላል። ደረሰኙን ልከው እንዲስተካከል ይጠይቁ፣ ይህን ግን ዋስትናው ሳያልቅ ያድርጉት።

እዚያው ገጽ ላይ ሁለት ነገር ይዩ። አንደኛ የአገልግሎቱ ዓይነት፤ ቴክኒሻን ወደ እርስዎ ይመጣል፣ ይዘው ይሄዳሉ ወይስ ይልካሉ? ሁለተኛ ዋስትናው በየትኛው አገር እንደሚሠራ። ከሌላ አገር የተገዛ ላፕቶፕ ዓለም አቀፍ ዋስትና ቢኖረውም የኪቦርዱ ዓይነት ላይገኝ ይችላል። የኢንተር ቁልፉ አግድም ረጅም የሆነ ኪቦርድና የኢንተር ቁልፉ ሁለት ረድፍ የሚይዝ ኪቦርድ አይለዋወጡም፤ የእርስዎ የትኛው እንደሆነ በፎቶ ያያይዙ። ላፕቶፑ ከተገዛ ጥቂት ቀን ከሆነው ደግሞ ወደ አምራቹ ከመሮጥ በፊት ሻጩን ይጠይቁ፤ በመመለሻው ጊዜ ውስጥ ከሆነ አዲስ መቀየር ከጥገና ይሻላል።

ማመልከቻው አጭር ይሁን። "ኪቦርዱ አስቸገረኝ" አይጠቅምም። እንዲህ ይጻፉ፦ "የኤን ቁልፍ ከ50 ጭነት 6 ጊዜ ሁለት ፊደል ያወጣል። ማሽኑ 30 ደቂቃ ከሠራ በኋላ ይብሳል። በባዮስም በሊኑክስም ይታያል። ፈሳሽ አልነካውም፣ አልወደቀም። ቪዲዮ አያይዣለሁ።" ቪዲዮው 30 ሰከንድ ይበቃዋል፤ ጣትዎና ስክሪኑ በአንድ ላይ ይታዩ። የተሰጠዎትን የጉዳይ ቁጥር፣ የተነጋገሩበትን ቀንና የተባሉትን ይመዝግቡ።

ሲልኩ

በብዙ ቀጫጭን ላፕቶፖች ኪቦርዱ ከላይኛው ገበታ (መዳፍ ከሚያርፍበት የላፕቶፑ አካል) ጋር በፕላስቲክ ተበይዶ ስለሚመጣ የሚቀየረው ገበታው በሙሉ ነው፤ ለዚያ ማሽኑ እስከ ማዘርቦርዱ ይፈታል። ስለዚህ "ኪቦርድ ብቻ ነው" ብለው ፋይልዎን ሳይገለብጡ አይላኩ። ዲስኩ ተጠርጎ የሚመለስበት ጊዜ አለ።

ዲስኩ በቢትሎከር (በዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) የተቆለፈ ከሆነ 48 አሃዝ ያለውን የማስመለሻ ቁጥር አስቀድመው ከማይክሮሶፍት አካውንትዎ ያውጡና ወረቀት ላይ ይጻፉት። ማዘርቦርድ ሲቀየር ማሽኑ ይህን ቁጥር ይጠይቃል፤ ከሌለ ፋይሉ አይገኝም። የባዮስ የይለፍ ቃል ካለ ያንሱ። መግቢያ ከጠየቁዎት ለጥገና ብቻ አዲስ አካውንት ይክፈቱ፣ የራስዎን የይለፍ ቃል አይስጡ። ሲም፣ ሚሞሪ ካርድ፣ የማውስ መቀበያና የኪቦርድ ሽፋን ያውጡ፤ ቻርጀሩን ካልጠየቁ አይላኩ። ላፕቶፑን ከስድስቱም ጎን ፎቶ ያንሱ፤ ጭረት ካለ ቀረብ ብለው። ሲያሽጉ በየጎኑ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፖንጅ ወይም አረፋ ፕላስቲክ ይኑር፤ በክዳኑና በኪቦርዱ መካከል ግን ወፍራም ነገር አያስገቡ፣ ስክሪኑን ይሰብራል።

እስኪጠገን ድረስ ማሽኑ በእጅዎ ካለ የዩኤስቢ ኪቦርድና ማውስ ያሻግርዎታል። ዊንዶውስ ላይ የዊንዶውስ ቁልፍን ከኮንትሮልና ከኦ ጋር ሲጫኑ የስክሪን ኪቦርድ ይከፈታል።

ሲረከቡ

ከመፈረምዎ በፊት ያብሩት። እያንዳንዱን ቁልፍ ይጫኑ፤ ሰዎች የቀኙን ሺፍት፣ የቀኙን ኮንትሮልና የላይኛውን ረድፍ ይረሳሉ። መብራት ያለው ኪቦርድ ከሆነ ያብሩት። ታችፓዱን በአራቱም ማዕዘን ጠቅ ያድርጉ፣ በሁለት ጣት ገጹን ወደ ላይና ወደ ታች ያንሸራትቱ፣ ከመዳፍ ማረፊያው ጋር እኩል መሆኑን በጣትዎ ይዳስሱ። ገበታው ሲቀየር አብረው የሚነቀሉትንም ይሞክሩ፤ ማብሪያ ቁልፉን፣ የጣት አሻራ ማንበቢያውን፣ ድምፅ ማጉያውን። ክዳኑ ሲዘጋ ይገጥም፣ ከታች ያሉት ብሎኖች አንድም አይጉደሉ። ማዘርቦርድ ከተቀየረ ባዮሱ ውስጥ ያለው ሲሪያል ቁጥር ሆዱ ላይ ካለው ጋር መግጠሙን ይዩ፤ ካልገጠመ የሚቀጥለው የዋስትና ጥያቄዎ ይሰናከላል።

የተቀየረውን ዕቃ የሚዘረዝር ወረቀት ይቀበሉ። ቤት ሲደርሱ ማሽኑን ግማሽ ሰዓት ያሠሩትና የ50 ጊዜውን ሙከራ በዚያው ቁልፍ ይድገሙ። ያው ብልሽት ከተመለሰ አዲስ ጉዳይ ሳይሆን የቀድሞውን ቁጥር ጠቅሰው እንዲከፈት ያድርጉ፤ አንድ ብልሽት በአንድ ቁጥር ሥር ሁለትና ሦስት ጊዜ ከተመዘገበ በኋላ ነው ላፕቶፑ ይቀየርልኝ ለማለት የሚያስችል ወረቀት የሚኖርዎት።