ዲኤንኤ የሚበጥሰውን ሰማያዊ ቀለም እንዴት ትፈትሹታላችሁ?

ሜቲሊን ብሉ ያ እጅ ከነካ ቶሎ የማይለቀው ሰማያዊ ቀለም ነው። ጨለማ ውስጥ ዲኤንኤው ላይ ተለጥፎ ዝም ይላል። 660 ናኖሜትር አካባቢ ያለ ቀይ ብርሃን ሲያገኝ ግን አጠገቡ ያለውን ኦክሲጅን ያነቃዋል፣ የነቃው ኦክሲጅን ደግሞ በተለይ ጉዋኒንን (ከአራቱ የዲኤንኤ ፊደላት አንዱን) ያጠቃል፣ የዲኤንኤው ገመድም እዚህም እዚያም ይበጠሳል።

ለሙከራው ፕላዝሚድ፣ ማለትም ትንሽ ክብ ዲኤንኤ፣ ውሰዱ፤ ፒዩሲ 19 የሚባለው የተለመደው ፕላዝሚድ ይበቃል። አራት ቱቦ አዘጋጁ፦ ቀለምም ብርሃንም ያገኘ፣ ቀለም ብቻ፣ ብርሃን ብቻ፣ ምንም ያልነካው። ቀለም ብቻ ያለበትን ወዲያው በፎይል ጠቅልሉት። እኔ አንዴ ጠረጴዛ ላይ ረስቼው የክፍሉ መብራት ጉድ ሠርቶኛል። ሙቀት እንዳያሳስታችሁ ሁሉንም በረዶ ላይ አስቀምጡ።

ከዚያ 1 በመቶ አጋሮዝ ጄል (ዲኤንኤ በኤሌክትሪክ እየተጎተተ የሚለይበት ለስላሳ ዝልግልግ ነገር) ላይ አስኪዱት። ጤነኛው ፕላዝሚድ ተጠምዞ የተሰበሰበ ስለሆነ ከፊት ይሮጣል፣ አንድ ገመዱ የተበጠሰው ተፍታቶ ከኋላ ይጎተታል፣ ሁለቱም አንድ ቦታ ላይ የተበጠሱበት መሃል ይገኛል። ዲኤንኤው ጄሉ ላይ እንዲታይ የሚያደርገውን ቀለም፣ ኢቲዲየም ብሮማይድን፣ ቀድማችሁ አትጨምሩ፣ እሱ ራሱ ብርሃን ካገኘ ይበጥሳል። ጄሉ ሮጦ ካለቀ በኋላ፣ ጓንት አድርጋችሁ ጨምሩት። የነቃውን ኦክሲጅን የሚያበርደውን ሶዲየም አዛይድ (መርዝ ነው፣ ተጠንቀቁ) ብርሃኑን ከማብራታችሁ በፊት ቱቦው ውስጥ ስትጨምሩ መበጠሱ ከቀነሰ፣ ጥፋተኛው የነቃው ኦክሲጅን ለመሆኑ ጥሩ ፍንጭ ነው።