በሰሜን ሸዋ ቆላ ቆሮሶ ዓሣን በኩሬ ማርባት

በሰሜን ሸዋ ዓሣ ለማርባት ያሰበ ሰው ዶማና አካፋ ከማንሣቱ በፊት የውሃውን ሙቀት መለካት ይኖርበታል። ቆሮሶ (ቲላፒያ) የሚባለው ዓሣ ጥሩ ሆኖ የሚያድገው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ውሃ ሲሆን፣ ሙቀቱ ከ20 በታች ሲወርድ መብላቱን ይቀንሳል፤ ወደ 10 ሲጠጋ ደግሞ ይሞታል። ስለዚህ ውርጭ በሚወርድበት በደብረ ብርሃን ዙሪያ ቆሮሶ መልቀቅ ድካምንም ገንዘብንም ማባከን ሲሆን፣ የሸዋ ሮቢትና የአጣዬ ቆላ፣ የጀማ ሸለቆም ጭምር፣ ለዚህ ዓሣ የተመቹ ናቸው።

ቀጥሎ አፈሩ ይፈተን። አንድ እፍኝ አፈር አርጥበው ጨብጠው ያድቦልቡሉት፤ ወደ ላይ ወርውረው ሲቀልቡት ካልፈረሰ ውሃ የሚይዝ ሸክላማ አፈር ነው። ለጀማሪ 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ፣ ጥልቀቱ በአንድ ጫፍ 80 ሳንቲ ሜትር፣ በማስወጫው በኩል ወደ 1 ሜትር ከ20 የሚደርስ ኩሬ ይበቃል። የዱር ዓሣ እንዳይገባ በውሃ ማስገቢያው ላይ ወንፊት ይደረግ።

ዓሣው ከመለቀቁ በፊት ውሃው ፍግ ተጨምሮበት አረንጓዴ መሆን አለበት፤ አረንጓዴ ያደረጉት ደቃቅ ዕፅዋት የቆሮሶ ምግብ ናቸውና። መለኪያው የራስዎ ክንድ ነው፦ እጅዎን እስከ ክርንዎ ሲያጠልቁ መዳፍዎ መታየቱን የሚያቆም ከሆነ ልኩ ደርሷል። ክርንዎ ሳይደርስ መዳፍዎ ከጠፋ ግን ፍጉ በዝቷል። እኔ ይህን ቸል ብዬ በአንድ ጊዜ ብዙ እርጥብ ፍግ ጨምሬ፣ ጎህ ሲቀድ ዓሦቹ አፋቸውን ከውሃው ወለል በላይ ከፍተው አየር ሲለምኑ አግኝቻቸዋለሁ፤ ከእነርሱም የተረፉት ጥቂት ነበሩ። ዕፅዋቱ በቀን ኦክስጅን ቢሰጡም ሌሊት ራሳቸው ስለሚጠቀሙበት፣ ውሃው ከሁሉ ይበልጥ የሚታፈነው ሊነጋ ሲል ነው። እንዲህ ያለ ምልክት ሲታይ ፍጉና መኖው ወዲያውኑ ተቋርጦ ንጹሕ ውሃ ከከፍታ እየተንዠቀዠቀ እንዲገባ ይደረግ።

የዓሣ ጫጩቶቹ በካሬ ሜትር 2 ሆነው ይለቀቁ፤ ለ100 ካሬ ሜትር 200 ማለት ነው። የመጡበትን ፌስታል ሳይፈቱ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በኩሬው ላይ ያንሳፍፉት፤ የሁለቱ ውሃ ሙቀት ይቀራረባል። መኖው ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ተቀላቅሎ፣ በየቀኑ የዓሦቹን ጠቅላላ ክብደት 3 በመቶ ያህል ጠዋትና ከሰዓት በኋላ በአንድ ቦታ ይሰጥ። ሁለት መቶዎቹ እያንዳንዳቸው 50 ግራም ሲደርሱ የቀኑ መኖ 300 ግራም ይሆናል።

ብዙ አርቢዎችን የሚያታልለው መራባቱ ነው። ሴቷ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ስለምትፈለፍል የሚጠፋባት ጥቂት ነው፤ ገና በጥቂት ወራት ዕድሜዋም መውለድ ትጀምራለች። ኩሬው በልጆች ሲሞላ ሁሉም በአጭር ይቀራል። መፍትሔው ፈጥነው የሚያድጉትን ወንዶች ብቻ መርጦ ማርባት፣ ወይም ቆሮሶዎቹ ጠንከር ካሉ በኋላ ጫጩቶቹን እንዲበላ አምባዛ ከተባለው ሌላ ዓሣ ጥቂት መጨመር ነው።

ከ6 እስከ 8 ወር ባለው ጊዜ ክብደታቸው 200 ግራም ገደማ ሲደርስ ይሰብሰቡ። ውሃው ማዳበሪያ ያዘለ ስለሆነ በቦይ ወደ ሽንኩርት ማሳ ይለቀቅ፤ የኩሬው ወለልም በፀሐይ ደርቆ እስኪሰነጣጠቅ ቆይቶ ኖራ ይነስነስበትና እንደገና ይሞላ።