ፈጣን ባቡር ሲመጣ የጣቢያ ሰፈርን የሚያበላሹ ስህተቶች

የአዲስ አበባ ታክሲ ረዳት «ለገሃር! ለገሃር!» እያለ ሲጣራ ፈረንሳይኛ እየተናገረ መሆኑን ብዙዎቻችን ልብ አንለውም። ቃሉ «ባቡር ጣቢያ» ማለት ነው። ባቡሩ ለገሃር መግባት ካቆመ ዓመታት አልፈዋል፤ ስሙ ግን ሰፈሩን ይዞ ቀረ። ጣቢያ በከተማ ላይ ይህን ያህል ኃይል አለው። ሆቴሉ፣ ሻይ ቤቱ፣ የታክሲ ተራው ሁሉ እሱን ተከትሎ ይመጣል።

ለዚህም ነው ብዙ ከተሞች ፈጣን ባቡር ሊመጣላቸው ነው ሲባል የጣቢያውን አካባቢ እንደ አዲስ ለማልማት የሚነሱት። አንዳንዶቹ ተሳክቶላቸዋል። ሌሎቹ ብዙ ገንዘብ አፍስሰው ሰው የማይቆምበት ሰፈር ሠርተዋል። ልዩነቱን የፈጠረው የባቡሩ ፍጥነት አይደለም። ሰው ከባቡር ከወረደ በኋላ የሚገጥመው ነገር ነው። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች ሁሉ መነሻቸው ይህን መርሳት ነው ባይ ነኝ። (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጣቢያውን ከከተማ አውጥቶ ሜዳ ላይ መትከል

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው፤ አንዴ ከተሠራ በኋላ ማስተካከል ስለማይቻል። ሰበቡ ሁልጊዜ አንድ ነው። ዳር ላይ መሬት ርካሽ ነው፣ የሚፈርስ ቤት የለም፣ ሐዲዱም ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

ፈረንሳይ ውስጥ ሁለቱን ምርጫዎች ጎን ለጎን ማየት ይቻላል። በ1986 ፈረንሳይና እንግሊዝ የባሕር ሥር ዋሻውን ለመሥራት ተፈራረሙ። ከዚያ ከፓሪስ ወደ ዋሻው የሚወስደው ፈጣን መስመር በየት በኩል ይለፍ የሚል ክርክር መጣ። አሚየን ከተማ «በእኔ በኩል» አለች። ሊልም እንዲሁ። የሊል ከንቲባ ፒዬር ሞሯ ቀደም ሲል የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩ ሰው ናቸው። መስመሩን ወደ ከተማቸው ማምጣት ብቻ አልበቃቸውም። ጣቢያው ዳር ሳይሆን መሀል ከተማ ይሁን ብለው ሙጭጭ አሉ። ተሳካላቸውም። ከአሮጌው ጣቢያ ጥቂት ደቂቃ በእግር የሚያስኬድ ቦታ ላይ፣ ድሮ የጦር ምሽግ በነበረ ባዶ መሬት ላይ፣ ሊል ዩሮፕ የሚባለው ጣቢያ ተሠራ። ዛሬ ከፓሪስ ተሳፍራችሁ በአንድ ሰዓት ገደማ ሊል መሀል ትወርዳላችሁ።

አሚየንን መስመሩ አመለጣት። በ1994 ማካካሻ የሚመስል ጣቢያ ተከፈተ፤ ያውም በአሚየንና በሳን ካንታን ከተሞች መካከል፣ እርሻ መሀል። መደበኛው ባቡር አይደርስበትም። እዚያ ለመድረስ መኪና ወይም አውቶቡስ የግድ ነው። ዙሪያው ለስኳር የሚሆን ቀይ ስር የሚመረትበት ስለሆነ ሕዝቡ «የቀይ ስር ጣቢያ» የሚል ስም አወጣለት።

ስፔን ደግሞ ጣቢያውን ሜዳ ላይ ተክላ ከተማውን ወደ ጣቢያው ለማምጣት ሞክራለች። ከማድሪድ ወደ ባርሴሎና በሚሄደው መስመር ላይ ለጓዳላሃራ ከተማ የተሠራው ጣቢያ ከከተማዋ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በ2003 ተከፈተ። አጠገቡ ቫልዴሉስ የምትባል፣ ለ30 ሺህ ሰው የታቀደች አዲስ ከተማ ተጀመረች። በ2008 የቤት ገበያው ሲወድቅ ግንባታው ቆመ። አስፋልቱ ተነጥፎ፣ የመንገድ መብራቱ ተተክሎ፣ የሚያልፍበት ሰው ግን ለዓመታት አልተገኘም።

«ሜዳውም አንድ ቀን ከተማ ይሆናል» የሚሉ ሰዎች የጃፓኗን የሺን ዮኮሃማ ጣቢያ ይጠቅሳሉ። እውነት አላቸው። በ1964 ሩዝ ማሳ መሀል ተከፍታ ዛሬ ሕንፃ በሕንፃ ሆናለች። ነገር ግን የዮኮሃማ ከተማ የምድር ውስጥ ባቡር እዚያ የደረሰው በ1985 ነው። 21 ዓመት ማለት ነው። ያውም ቶኪዮን የምታህል ከተማ አጠገቧ እያለች። የአብዛኛው ከተማ ኪስም ትዕግሥትም ይህን አይችልም።

የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ፈጣን ከሚባሉት ባይሆንም ይህ ስህተት እኛንም ነክቶናል። ባቡሩ የሚነሳው ከለገሃር ሳይሆን ከከተማው ዳር፣ ከፉሪ ለቡ ነው። ቀላል ባቡሩ እዚያ አይደርስም። ማልዶ የሚሳፈር ሰው በጨለማ ኮንትራት ታክሲ ይፈልጋል። ድሬዳዋን ያህል፣ በ1902 ባቡር ስለደረሰ የተቆረቆረች ከተማ እንኳ አዲሱ ጣቢያዋ ከከተማዋ ወጣ ብሎ ነው የተሠራው። ይህ ያሳዝነኛል።

ሐዲዱን አይቶ የሚቆመውን ባቡር አለመቁጠር

ጣቢያ አለ ማለት ባቡር ይቆማል ማለት አይደለም። ፈጣን ባቡር በየቦታው ከቆመ ፈጣን መሆኑ ቀረ። ሺን ዮኮሃማም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሂካሪ የሚባለው ፈጣኑ ባቡር ሳይቆም ያልፋት ነበር። በመስመሩ ላይ ያለው ባቡር ሁሉ መቆም የጀመረው በ2008 ነው። ስለዚህ ለፎቅ ፈቃድ ከመስጠት በፊት አንድ ወረቀት ማየት ያስፈልጋል፤ የጊዜ ሰሌዳውን። በቀን ስንት ባቡር ይቆማል? የመጨረሻው ስንት ሰዓት ላይ ነው? ጠዋት ሁለት፣ ማታ ሁለት ባቡር ለሚቆምበት ጣቢያ ባለ ሃያ ፎቅ ቢሮ ማቀድ ገንዘብ መበተን ነው።

የመጨረሻዋን አራት መቶ ሜትር መናቅ

ሊልን አሞግሻለሁ። አሁን ደግሞ ቅሬታዬን ልናገር።

አንድ ብርዳም ማታ ከአሮጌው ጣቢያ ወደ አዲሱ በእግሬ እየሄድኩ ነበር። ከፊቴ አንዲት እናት በአንድ እጇ ሕፃን አቅፋ በሌላው ሻንጣ ትጎትታለች። የሻንጣው አንዱ ጎማ ተሰብሯል። አደባባዩ ሰፊ ስለሆነ ነፋሱን የሚከለክል ነገር የለም፤ ሻርፗን ፊቷ ላይ ይጠመጥምባታል። ቆም ብላ ወደ ድልድዩ አየች፤ ከዚያ ወደ ገበያ ማዕከሉ። የትኛው መንገድ እንደሚያደርሳት ግራ ገባት። ሻንጣውን ተቀብያት አብረን ሄድን። መድረሻችን ከፊታችን ወለል ብሎ ይታያል፤ መንገዱ ነው የማይታየው።

የሰፈሩን ፕላን የነደፈው ሆላንዳዊው ሬም ኩልሃስ ነው። በሁለቱ ጣቢያዎች መካከል ያለውን የገበያ ማዕከል የሠራው ደግሞ ፈረንሳዊው ዣን ኑቬል ነው። ሁለቱም በዓለም የታወቁ አርክቴክቶች ናቸው። ከላይ ሲታይ ሥራው ያስደንቃል። ነገር ግን ሰው ከተማን ከላይ አያይም፤ በእግሩ ነው የሚያውቃት። የገበያ ማዕከሉም ፊቱን ወደ ውስጥ አዙሯል። ውጭ ያለው መንገደኛ በግድግዳ አጠገብ ነው የሚያልፈው።

ይህን ለማስተካከል ቢሊዮን አያስፈልግም። ደረጃ የሌለው ደልዳላ መንገድ፣ ከዝናብና ከነፋስ የሚከልል ጣራ፣ መቀመጫ፣ ከሩቅ የሚነበብ ምልክት ይበቃል። ሱቆችም በራቸውን ወደ መንገዱ ይክፈቱ። ቡና የሚሸጥበት አንድ መስኮት ከአንድ ሐውልት የበለጠ ሰው ያቆማል። እነዚህ ነገሮች በእቅዱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ መግባት አለባቸው። «በኋላ እናስባቸዋለን» ከተባለ ገንዘቡ ፎቁ ላይ ያልቃል።

ቢሮ ብቻ መደርደር

የሊል ጣቢያ ጣራ ላይ በርካታ ማማዎች እንዲቆሙ ታቅዶ ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የቢሮ ገበያው ቀዘቀዘና በዚያን ጊዜ የቆሙት ሁለት ብቻ ናቸው። ለንደን ውስጥ ኪንግስ ክሮስ በሚባለው የጣቢያ ሰፈርም በ1980ዎቹ መጨረሻ ቢሮ የበዛበት ትልቅ እቅድ ወጥቶ ገበያው ሲወድቅ አብሮ ወደቀ።

ለንደኖች ግን ተማሩበት። በ2006 ፈቃድ ያገኘው ሁለተኛው እቅድ በ27 ሄክታር መሬት ላይ ቢሮን፣ መኖሪያን፣ ትምህርት ቤትንና ሱቅን ቀላቀለ። በ2007 ፈጣኑ ባቡር አጠገቡ ወዳለው ሴንት ፓንክራስ ጣቢያ ገባ። በ1852 የተሠራ፣ ድሮ ለለንደን ዳቦ ጋጋሪዎች ስንዴ ይከማችበት የነበረ ጎተራ አለ። አላፈረሱትም። በ2011 የሥነ ጥበብ ኮሌጅ ገባበት። ከፊቱ ያለው አደባባይ ላይ ውኃ ከመሬት ይፈነጥቃል። በሙቀት ቀን ልጆች ልብሳቸውን እንደለበሱ ይገቡበታል። ቅዳሜና እሑድ ቢሮ ሲዘጋ ሰፈሩ የማይሞተው በእነዚህ ምክንያት ነው።

ነዋሪውን መጨረሻ ላይ መጠየቅ

የጀርመኗ ሽቱትጋርት ያየችውን ማንም ከተማ ባያይ ደስ ይለኛል። በ1994 ይፋ የሆነው እቅድ 16 ሐዲድ ያለውን ጣቢያ ከመሬት በታች አውርዶ ባለ 8 ሐዲድ ማድረግ፣ በሚለቀቀው መሬት ላይም አዲስ ሰፈር መሥራት ነበር። በወረቀት ላይ ያማልላል። ሰዉ ግን ወጪው አሳሰበው፣ የፓርኩ ትልልቅ ዛፎችም አንገበገቡት። በሴፕቴምበር 30 ቀን 2010 ፖሊስ ዛፎቹን ሊያስቆርጥ ሲመጣ በተቃዋሚዎች ላይ ኃይለኛ ውኃ ረጨ። ከመቶ በላይ ሰዎች ተጎዱ። ሁለቱ ወገኖች ቁጥራቸውን ይዘው በቴሌቪዥን ፊት ለፊት የተከራከሩት ከዚያ በኋላ ነው። በ2011 ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ። ወደ 59 በመቶ የሚሆነው ድምፅ ሰጪ ሥራው ይቀጥል አለ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ሕዝቡ ሲጠየቅ «ይቀጥል» ነው ያለው። ያ ሁሉ ጠብ ግን ከመጠየቁ በፊት ሆነ። በ2009 ስምምነቱ ሲፈረም 4.5 ቢሊዮን ዩሮ የተባለው ወጪ ከ11 ቢሊዮን አልፏል። በ2019 ይከፈታል የተባለው ጣቢያም ከዓመት ዓመት ተገፋ። ባቡሩ ከመሬት በታች እስኪገባ ድረስ ላይኛው መሬት ላይ አንድም ቤት አይሠራም።

በነዋሪ ላይ የሚደርሰው ሌላው ጉዳት ድምፅ የለውም። ሰፈሩ ሲያምር ኪራይ ይወጣል። ጫማ ጠጋኙ፣ ባለ ሻይ ቤቷ፣ አርባ ዓመት የኖሩት ጡረተኛ አንድ በአንድ ይለቃሉ። አቅም ያገናዘበ ቤት በውል ውስጥ በቁጥር ካልተጻፈ አልሚው በራሱ ፈቃድ አይሠራውም።

ለነገ ቦታ አለመተው

ይህኛው አጭር ነው። የፈረንሳይዋ ሊዮን ከተማ ፓር ዲዩ ጣቢያ በ1983 ሲከፈት በቀን ለ35 ሺህ ተሳፋሪ ታስቦ ነበር። ፈጣኑ ባቡር ሰፈሩን አሳደገው፤ ተሳፋሪው ከ100 ሺህ አለፈ። ሰው በሻንጣ መሀል እየተሹለከለከ ባቡሩን ይፈልግ ጀመር። ለማስፋት ሲነሱ ደግሞ ጣቢያውን መዝጋት አይቻልም፤ ስለዚህ ሥራው በመንገደኛ መሀል፣ በቁርጥራጭ፣ ለዓመታት ተጓተተ። ስለዚህ ጣቢያው ገና ሲነደፍ በአንዱ ጎን ሰፋ ያለ መሬት ሳይሸጥ ይቆይ። እስከዚያው ዛፍ ይተከልበት፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበት።