ደሴ ላይ ፑድል ውሻ ለምታሳድጉ፦ ከአፍንጫዋ ጀምሩ

ውሻዬ ጥጤ እጄ የገባችው ወንድሜ አገር ሲለቅ ነው። ፒያሳ አካባቢ ልብስ እሰፋለሁ፤ ስለዚህ መጀመሪያ ያደረግኩት ሜትሬን አውጥቼ ከመሬት እስከ ትከሻዋ መለካት ነበር፤ 33 ሳንቲ ሜትር። በአሜሪካኖቹ አለካክ እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ያለው ፑድል ቶይ፣ ከዚያ እስከ 38 ያለው ሚኒየቸር፣ ከ38 በላይ ያለው ስታንዳርድ ይባላል። የኔዋ ሚኒየቸር ናት ማለት ነው። እናንተም ለኩ፤ የመዝለያው ከፍታ፣ የምትዋኘው ርቀት፣ ሁሉም የሚወሰነው በዚህ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ከስፌት መኪናው ሥር ትተኛና ክር ትተረትርብኝ፣ ቁልፍ ትሰርቅብኝ፣ ደንበኛ በገባ ቁጥር ትጮህ ነበር። ሰው ሁሉ «ቀበጥ ናት» አለኝ። ቀበጥ አልነበረችም፤ ሥራ ፈታ ነው። ፑድል አዳኝ የመታውን ዳክዬ ከውሃ ውስጥ እየዋኘ የሚያመጣ የጀርመን የሥራ ውሻ ነበር፤ ስሙም ውሃ ማንቦጫረቅ ከሚል የጀርመን ቃል የመጣ ነው። ያ ጌጥ የሚመስለው አቆራረጥ እንኳ ምክንያት ነበረው፤ ጸጉሩን የሚያሳጥሩት ለዋና እንዲቀለው፣ ደረቱና መገጣጠሚያው ላይ የሚተዉለት ብርድ እንዳይገባው።

ሥልጠናውን ከአፍንጫ ጀምሩ የምለው የማሽተት ፍለጋ ብዙ ቦታ ስለማይፈልግ ነው። ሐምሌ ላይ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ከተማውን ሲሸፍነው አንዲት ክፍል ትበቃችኋለች። አምስት ባዶ የጫማ ካርቶን ክዳኑን አንስታችሁ ወለሉ ላይ ደርድሩ። የተቀቀለ ጉበት የሽምብራ ፍሬ አሳክላችሁ ቁረጡና በአንዱ ውስጥ ብቻ አስቀምጡ። ምግብ የሚገባበት ካርቶን ሁልጊዜ ያው ይሁን፤ ምልክት አድርጉበት። ካቀያየራችሁት ሁሉም ጉበት ጉበት ይሸትና ትምህርቱ ይበላሻል። ቦታውን ግን በየዙሩ ለውጡ። ከዚያ አስገቧትና «ፈልጊ» በሏት፤ አንድ ጊዜ ብቻ። በጣት አትጠቁሙ፤ ካርቶኑንም ትኩር ብላችሁ አትዩ፤ ዓይናችሁን ታነባለች። ስታገኘው ሌላ ቁራጭ እዚያው ካርቶኑ ውስጥ ጨምሩላት። ሽልማቱ ከእጃችሁ ከመጣ ፍለጋዋን ትታ እናንተን ማየት ትጀምራለች። አራት ዙር ይበቃል፤ ገና ሳትጠግበው አቁሙ።

በሳምንቱ ክዳኑን በስታችሁ ክደኑት፤ ካርቶኑን ወንበር ላይ፣ ከመጋረጃ ጀርባ፣ ከስፌት መኪና ሥር አድርጉት። ይህን ስትለምድ ወደ ቅርንፉድ ተሻገሩ። የማሽተት ውድድር ባለባቸው አገሮች ውሾቹ ከሚፈልጓቸው ሽታዎች አንዱ የቅርንፉድ ዘይት ነው፤ እኛ ደግሞ ፍሬውን ሰኞ ገበያ እናገኘዋለን። ሦስት አራት ፍሬ በትንሽ ቆርቆሮ ከትታችሁ ክዳኑን በሚስማር ብሱት። ለአስር ቀን ያህል ከጉበቱ ጋር አብራችሁ ደብቁት፤ ከዚያ ጉበቱን አስቀሩና ቆርቆሮውን ብቻ ደብቁ፤ ስታገኘው ፈጥናችሁ ጉበቱን እዚያው አምጡላት። ፍሬውን እንዳታኝከው፣ እናንተም ቅርንፉድ በነካ እጅ ሌላውን ካርቶን እንዳትነኩ። እጣን ከመጨሱ በፊት ቢሆን ይሻላል።

ጥጤ ስታገኘው አትጮህም። አፍንጫዋን ትተክልና ቀጥ ብላ ትቆማለች። አንድ ሰኞ ቀሚስ ልትለካ የመጣች ደንበኛዬ ዘንቢሏን በር ላይ አስቀመጠች፤ ጥጤ ሄዳ ዘንቢሉ ላይ ቀጥ አለች። ከታች፣ በሁለት ፌስታል የተጠቀለለ ቅርንፉድ ነበር። ያን ቀን ሙሉ ክር አልነካችብኝም።

ስለ ሽልማት አንድ ነገር አደራ፦ ወጥ የነካ እንጀራ አትስጡ። ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብራል። ዘቢብና ቸኮሌትም መርዝ ናቸው።

«ቁጭ»፣ «ጠብቂ»፣ «ነይ» እና «ከጎኔ» የሚባሉትን ግቢ ውስጥ ሳታስጨርሱ መንገድ አትውጡ፤ ባጃጅ አይጠብቅም። ይህ የመታዘዝ ትምህርት ውድድር ሆኖ አሜሪካ ውስጥ የተጀመረው በፑድል ሰው ነው፤ ሔለን ዋይትሐውስ ዎከር የምትባል ሴት በ1933 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን አዘጋጀች፤ ፑድል ከመልኩ ሌላ ጭንቅላትም እንዳለው ልታሳይ። ለእኔ «ከጎኔ» ሌላም ጥቅም አለው። ደሴ ላይ ወደ መስጊድ የሚሄድ ሰው የውሻ ምራቅ ልብሱን እንዲነካው አይፈልግም፤ ስለዚህ ሰው ሲመጣ ገመዱን አሳጥሬ በግራዬ አስቆማታለሁ። ጎረቤቴ ሐጂያ ድሮ መንገድ ይሻገሩ ነበር፤ አሁን ቆመው «ልጅሽ ደህና ናት?» ይሉኛል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሳትወስድም አትውጣ፤ የሰፈር ውሾች ብዙ ናቸው። ከመሸ ደግሞ ጅብ አለና ቤት ትግባ።

ለዝላይና ለመሰናክል ሩጫ ዕቃ መግዛት አያስፈልግም። ስድስት ሸምበቆ በ60 ሳንቲ ሜትር ልዩነት በአንድ መስመር ትከሉና በመካከላቸው እየተጥመዘመዘች እንድታልፍ በጉበት ምሯት። ለመዝለያ ሸምበቆውን ሁለት ጡብ ላይ አጋድሙት፤ በገመድ አትሰሩት፤ ከነካችው መውደቅ አለበት። ገብታ የምታልፍበትን ዋሻ እኔ ከድንኳን ሸራ ሰፋሁት፤ ርዝመቱ 3 ሜትር፣ ዙሪያው ከነስፌቱ 1 ሜትር ከ95፣ በየ50 ሳንቲ ሜትሩ ከውሃ ፕላስቲክ ቱቦ የተሠራ ቀለበት አለው። ስፌቱን ወደ ውጭ አድርጉት፣ ጥፍሯ እንዳይያዝ። መጀመሪያ አጣጥፋችሁ አንድ ሜትር አድርጉትና ሌላ ሰው ከዚያኛው ጫፍ ይጥራት።

አጥንቷ ሳይጠና ግን አታዝልሏት። ትናንሾቹ አንድ ዓመት፣ ስታንዳርዱ ዓመት ተኩል እስኪሞላቸው ሸምበቆው መሬት ላይ ይተኛ። በትናንሽ ፑድሎች የጉልበት ሎሚ ከቦታው የመንሸራተት ችግር አለ፤ ስትሮጥ አንድ የኋላ እግሯን አንስታ ጥቂት ዘላ እንደገና ካወረደችው አቁሙና ሐኪም አሳዩአት።

ሐይቅ ከተማ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ እዚያ ውሃው ዳር ወሰድኳት፤ ጥጤን ዋና ማንም አላስተማራትም። ረጅም ገመድ አስሬባት እንጨት ወረወርኩ፤ ዋኝታ አመጣችው። ጥፋቱ የኔ ነበር፤ ጆሮዋን ሳላደርቅ ወደ ቤት መለስኳት። በሁለተኛው ቀን ጭንቅላቷን ታርገፈግፍ ጀመር፤ ጆሮዋ አመርቅዞ አንድ ሳምንት ጠብታ ተደረገላት። የተንጠለጠለና ጸጉራም ጆሮ ውሃ ይይዛል፤ እዚያው በንጹሕ ጨርቅ አድርቁት።

ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ ሙቀቱ ከእኛ ይለያልና ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት ጨርሱ። የእጃችሁን ጀርባ አስፋልቱ ላይ ሰባት ሰከንድ ማቆየት ካልቻላችሁ መዳፏም አይችልም።

ጦሳ ስትወጡ ጸጉሯን አስባችሁ ውጡ። በ1988 እ.ኤ.አ. ጆን ሱተር የተባለ ሰው አላስካ ውስጥ ኢዲታሮድ የሚባለውን፣ ውሾች የሚጎትቱትን የበረዶ ጋሪ ውድድር በፑድሎች ሮጦ ነበር፤ ያስቸገረውም እግራቸው ላይ እየተጠቀለለ የሚረጋው በረዶ ነው። እኛ ጋ የሚጠቀለለው ጭጎጎት ነው። ከመውጣታችሁ በፊት በጣቶቿ መካከል ያለውን ጸጉር በመቀስ አሳጥሩ። ስትመለሱ ውሃ ከመንካቷ በፊት ከሥሩ ጀምራችሁ አበጥሩ፤ የተቋጠረ ጸጉር ከረጠበ ይጠብቃል እንጂ አይፈታም። ከጆሮ ጀርባ፣ ብብትና ጣቶቿ መካከል መዥገር ፈልጉ። እኔ ይህን የማደርገው መቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ ራሷ ዘላ ትወጣና የቱን እግር እንደምጀምር አውቃ ቀድማ ትሰጠኛለች።