የድሮ ጌም ጣዕሙ ሲጠፋ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባለፈው ክረምት ዝናቡ ከቤት ሲያስቀረኝ ፕሌይስቴሽን 2ን ከቁም ሣጥን ላይ አወረድኩት። አቧራውን ጠርጌ፣ ገመዱን ሰክቼ፣ ጆይስቲኩን ይዤ ተቀመጥኩ። አሥር ደቂቃ እንኳን ሳልቆይ አጠፋሁት። በተማሪነቴ ተራ ለመያዝ ደብተሬን እንዳንጠለጠልኩ የሮጥኩለት ጨዋታ እንደ ቀዘቀዘ ሽሮ ሆነብኝ። “አርጅቼ ነው” ብዬ ተውኩት። ፍቅሩ የተመለሰልኝ ከወራት በኋላ ነው፤ ያውም ራሴ የሠራኋቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ ካረምኩ በኋላ። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቴሌቪዥኑን መርሳት

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው፤ ብዙ ሰው ስህተት መሆኑን እንኳን አይጠረጥርም። የድሮ ጌሞች የተሠሩት ጀርባው ጎባጣ ለሆነው፣ ሁለት ሰው ለሚሸከመው ቴሌቪዥን ነው። በ1991 የወጣውን ሶኒክ የተባለ ጌም እንውሰድ። የመጀመሪያው ሜዳ ላይ ያለው ፏፏቴ የተሣለው ከላይ ወደ ታች በተሰመሩ ቀጫጭን መስመሮች ነው። ያኔ ገመዱና መስታወቱ መስመሮቹን አደባልቀው ከኋላው ያለውን የሚያሳይ ውኃ ያስመስሏቸው ነበር። በዛሬው ጠፍጣፋ ስክሪን ላይ ግን ፏፏቴው የመስኮት ፍርግርግ መስሎ ቁጭ ይላል።

በዚህ ላይ አዲሱ ቴሌቪዥን ምስሉን አሳምሮ እስኪያወጣ ጊዜ ይወስዳል። የሰከንድ ሽራፊ ናት፤ ማሪዮ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ሲደርስ ግን ያቺ ሽራፊ ነፍስ ታስከፍላለች። እኔ ጣቴ የደነዘዘ መስሎኝ ነበር። ከቴሌቪዥኑ የምስል ምርጫዎች መካከል ለጌም የተዘጋጀውን አብሩት። የምስሉን ስፋትም ወደ ድሮው 4 ለ 3 (ወርዱ 4 ቢሆን ቁመቱ 3) መልሱት፤ ማሪዮ ከነበረው በላይ ቦርጭ አያውጣ።

አንድ ነገር ልጨምር። አገራችን እንደ አብዛኛው አውሮፓ የያዘችው በሰከንድ 50 ጊዜ የሚታደሰውን የቴሌቪዥን ሥርዓት ነው፤ ጃፓንና አሜሪካ ደግሞ 60 ጊዜ የሚታደሰውን። ለ60 ተሠርተው ወደ 50 ሲዛወሩ በቅጡ ያልተስተካከሉ ጌሞች ብዙ ናቸው፤ 17 በመቶ ያህል ይጎተታሉ፣ አንዳንዴ ሙዚቃቸው ሳይቀር። ዛሬ ያወረዳችሁት ቅጂ በልጅነታችሁ ከምታውቁት ከፈጠነ ወይም ከዘገየ ጆሯችሁን እመኑና የሌላውን አገር ቅጂ ሞክሩ።

ሺህ ጌም በአንድ ፍላሽ ማጨቅ

ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ ሙሉው 40 ኪሎባይት ብቻ ነው፤ በስልክ የምታነሡት አንድ ፎቶ በብዙ እጥፍ ይበልጠዋል። ስለዚህ የአንድ ትውልድ ልጅነት ጥፍር በምታክል ሜሞሪ ላይ ይገባል። ወዳጄ እንዲህ ያለ ፍላሽ ሰጠኝና ማታውን ሙሉ ስከፍትና ስዘጋ አመሸሁ። ያኔ አንድ ካሴት ነበረን፤ ቢሰለቸንም ሌላ ስላልነበረ እንደገና እንጫወተው ነበር፣ እንደገና ስንጫወተውም ያላየነውን እናገኝበት ነበር። ሁለት አስቀርቼ ሌላውን ሁሉ አጠፋሁ። ወዳጄ እስካሁን አልሰማም።

በየእርምጃው ማስቀመጥ

ኢሙሌተር (የድሮውን ማሽን አስመስሎ ጌሙን በኮምፒውተር ወይም በስልክ የሚያስጫውተው ፕሮግራም) የትም ቦታ ላይ ጨዋታውን አስቀምጦ ከዚያው መቀጠልን ይፈቅዳል። በ1985 የወጣው ማሪዮ 32 ደረጃ አለው፤ ማስቀመጥ የሚባል ነገር የለውም። አቋራጮቹን አሳምረው የሚያውቁ የዓለም ፈጣን ተጫዋቾች ከአምስት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይጨርሱታል። እኛን ዓመት ያቆየን መሞታችን ነበር። ከእያንዳንዱ ጉድጓድ በፊት እያስቀመጥኩ በአንድ ማታ የመጨረሻው ደረጃ ደረስኩ፤ በማግስቱ የሁለተኛውን ደረጃ መልክ እንኳን አላስታውስም።

ይህን ስል ቁጡ አስተማሪ አልሁን። ልጅ አስተኝቶ አንድ ሰዓት ብቻ የሚተርፈው ሰው በየደረጃው መጀመሪያ ላይ ቢያስቀምጥ ነውር የለበትም። ሠሪዎቹም ቢሆኑ ራርተውልናል፦ የጃፓኑ ጌም ሠሪ የኮናሚ ባለሙያ የነበሩት ካዙሂሳ ሃሺሞቶ ግራዲየስ የተባለውን ጌም ሲፈትሹ ስለከበዳቸው ሁለት ጊዜ ላይ፣ ሁለት ጊዜ ታች፣ ግራ ቀኝ ግራ ቀኝ፣ በመጨረሻም ቢ እና ኤ እየተባለ የሚገባውን ኮድ ፈጠሩ፤ ያው ኮድ ኮንትራ በተባለው ሌላ ጌማቸው 30 ነፍስ ይሰጣል።

ያልገባንን አሰልቺ ማለት

በ1986 የወጣው የዜልዳ ጌም ምን እንደሚደረግ ብዙም አይናገርም። ታሪኩና መመሪያው ያለው በሣጥኑ ውስጥ በነበረው መጽሔት ላይ ነው። እኛ ዘንድ የደረሰው ቅጂ ደግሞ መጽሔት የሚባል አያውቅም። የመመሪያዎቹ ፎቶ ኮፒዎች ዛሬ በኢንተርኔት ላይ ሞልተዋል፤ ከመፍረዳችሁ በፊት አንብቡ።

እንደ ግዴታ መጨረስ

ጀመርኩት ብሎ መጎተት አያስፈልግም። ማንም ውጤት አይጠይቃችሁም።

ብቻን መጫወት

የእኔ ትልቁ ጥፋት እዚህ ላይ ነበር። በ2006 በወጣው ፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር 6 ከማሽኑ ጋር ብቻዬን ስገጥም ነው ያ ቅዝቃዜ የመጣብኝ። ጌም ቤት ሳለን ከማሽኑ ጋር የሚጫወት አልነበረም፤ ተቃራኒው አጠገብህ በአግዳሚው ላይ በክርኑ የሚወጋህ ልጅ ነው። የተሸነፈ ይነሣል፣ ሒሳቡንም ይከፍላል። ከኋላ የቆሙት ስድስት ልጆች ሁሉም አሠልጣኝ ናቸው። በሰፈራችን ሕግ ኢንተር ሚላንን መምረጥ ክልክል ነበር፤ የቡድኑ አጥቂ አድሪያኖ በጌሙ ውስጥ የምት ኃይሉ 99 ስለሆነ ከመሐል ሜዳ ሳይቀር ያገባል።

የአክስቴን ልጅ ደወልኩለት። እሑድ ከሰዓት መጣ፤ ጫማውን ሳያወልቅ ጆይስቲኩን አነሣና በቀጥታ ኢንተርን መረጠ።

“ኢንተር አይቻልም” አልኩት።

“ባለቤቱ ጌም ቤቱን ከዘጋ ስንት ዓመቱ ነው?” አለኝ።

ሦስት ለአንድ አሸነፈኝ፤ ሦስቱንም አድሪያኖ ነው ያገባቸው። እናቴ ለቡናው ሦስት ጊዜ ጠርታን አልሰማናትም። በሁለተኛው ጨዋታ ላይ ጆይስቲክ እንቀያየር አልኩት፤ የእኔው ሳይነኩት ወደ ግራ እንደሚሄድ አልነገርኩትም።